ሁለት ማዕድ፣ አንድ ደጅ

«እንግዳ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ፊቱ ደጃፍ ድረስ ወጥተን የምንቀበለው፣ ደህናውን መቀመጫ የምንለቅለት፣ የእጅ ውኃ የምናቀርብለት ሰው ነው። በሌላው ፊቱ ደግሞ ያልተለመደ፣ ያልታወቀ፣ ጥርጣሬ የሚያጭር ነገር ነው። «እንግዳ ነገር» ስንል ሁለተኛውን፣ «እንግዳ አለብኝ» ስንል የመጀመሪያውን ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ሰዋስዋችን አንድ ምስጢር ያወጣብናል። እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ «መጣብኝ» ይባላል እንጂ «መጣልኝ» ሲባል እምብዛም አይሰማም። ደስ ብሎን የምንቀበለውን ሰው እንኳ ቋንቋችን ጫንቃችን ላይ ያስቀምጠዋል።

እንግዳ ተቀባይነታችንን አወድሰን አንጠግብም። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ እስከ ቱሪስት ማስታወቂያ ድረስ ያልተጻፈበት ቦታ የለም። ውዳሴው ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ግና ውዳሴ ሲበዛ ታሪኩን ይሸፍናል። ታሪክ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ማን ማንን ተቀበለ? በማን ወጪ? በምን ስምምነት? ማንንስ ከደጅ መለሰ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ የምሄደው ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ፣ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ነው።

ሰፈሩን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመርካቶ ወደ ምዕራብ ሲወጡ በአጠና ተራ አድርገው ወደ ቀራንዮ የሚዘልቁ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ እዚያ ጉራጌውና ስልጤው፣ ኦሮሞውና አማራው፣ ዶርዜው ሸማኔና የሌላውም አገር ልጅ በአጥር ተለያይቶ በቡና ተገናኝቶ ይኖራል። የአዛን ድምፅና የቅዳሴ ዜማ አንድ አየር ይጋራሉ። ስሙም ቢሆን ያስገርማል። በኦሮምኛ «ኮልፋ» ሳቅ ማለት ነው፤ ቀራንዮ ደግሞ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ነው። የሰፈሩ ስም ከሳቅ መጣ ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን ሳቅና ልቅሶ ጎን ለጎን የተጻፉበት ሰሌዳ ስለ ድንኳንና ስለ ማዕድ ለሚያወራ ሰው ይመቸዋል።

የእግዜር እንግዳ

የአገራችን የመስተንግዶ ሕግ ባልተጻፈ ቃል የታሰረ ነው። መሽቶበት ከማያውቀው ደጅ የቆመ መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ካለ፣ ባለቤቱ ስሙን ከመጠየቁ በፊት ያስገባዋል። የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ የገባውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠዋል። «ቤት ለእምቦሳ!» ሲሉት «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመርቃል። የሚቀርበውም «ቤት ያፈራው» ነው። ይህች «ቤት ያፈራው» የምትል ሐረግ የመስተንግዷችን ዋና ጥበብ ያለባት ትመስለኛለች። ባለቤቱ የሌለውን እንዲያመጣ አታስገድደውም፤ እንግዳውም ያሰበውን እንዲያገኝ ቃል አትገባለትም። ሁለቱም ካሰቡት ትንሽ ፈቀቅ ብለው መሐል ላይ እንዲገናኙ ታደርጋቸዋለች። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ተረትም የዚችው እኅት ነው።

የልማዱ ሥር በሁለቱም ሃይማኖቶች ውስጥ አለ። ክርስቲያኑ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር የማያውቃቸውን ሦስት እንግዶች ተቀብሎ ሥላሴን እንዳስተናገደ ይተርካል። ሙስሊሙም የዚያኑ የኢብራሂምን እንግዳ አክባሪነት ከቁርኣን ያውቀዋል። አንዱ አባት ለሁለቱም ቤት አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል ማለት ነው።

ማስተናገድ ማብላት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌም ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ ነው። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ615 ግድም በመካ የተሳደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ ዘንድ መጡ። ቁረይሾች መልክተኞቻቸውን ከነስጦታቸው ልከው ስደተኞቹ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል አቀባይ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን ካዳመጡ በኋላ እንግዶቻቸውን አሳልፈው አልሰጡም፤ ስጦታውንም መለሱ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ከመወሰናቸው በፊት እንግዳው እንዲናገር ፈቀዱ፤ የእንግዳውን እምነት ከራሱ አንደበት ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሺሕ ሦስት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ፣ በኮልፌ ሌላ እንግዳ ገባ። በ1954 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ ዴቪድ ሞትሳማዪ የሚል ስም ያለበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ አንድ ቁመተ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ኮልፌ ወደሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ተወሰደ። እውነተኛ ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ማንዴላ በዚያው ዓመት ቀደም ብለው ለአንድ አፍሪካ አቀፍ ጉባኤ አዲስ አበባ ደርሰው ነበር። ያን ጊዜ ከካርቱም የተሳፈሩበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ ጥቁር መሆኑን ሲያዩ ለአፍታ መደንገጣቸውን፣ ቀጥሎም በራሳቸው ድንጋጤ መገረማቸውን በ1987 ዓ.ም. ግድም በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ተናግረዋል። የአፓርታይድ አስተሳሰብ እሳቸውንም ሳያውቁት ነክቷቸው እንደነበር የተረዱት ያን ጊዜ ነው። እንግዳውም ከቤቱ ይዞት የመጣውን መክፈት ነበረበት።

በኮልፌ የተቀበሏቸው የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ በዚያ መተኮስን፣ ፈንጂ መሥራትን፣ ረጅም ጉዞ መጓዝንና የሽምቅ ጦር አደረጃጀትን ተማሩ። ስድስት ወር እንዲፈጅ ታስቦ የነበረው ሥልጠና ግን ከአገራቸው በመጣ ጥሪ ምክንያት በአጭሩ ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ አንድ ሽጉጥ ከሁለት መቶ ጥይት ጋር በስጦታ አበረከቱላቸው። ማንዴላ አገራቸው በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ከእስር የወጡት የካቲት 1982 ዓ.ም. ነው። አስተናጋጃቸው ግን ያን ቀን አላዩም። በጄኔራልነት ማዕረግ ሳሉ በ1959 ዓ.ም. ከሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ጋር በተያያዘ ታስረው ተፈረደባቸው፤ በመጨረሻም መጋቢት 1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። እንግዳውን ያከበረ አገር ባለቤቱን ሳያከብር ቀረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የግዳጅ መስተንግዶ

የመንግሥት መስተንግዶ ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ሁልጊዜም ወጪውን የሚሸፍን ሌላ ሰው አለው። በድሮው ሥርዓት የንጉሥ እንግዳ በሚያልፍበት አገር ሁሉ «ድርጎ» ይሰፈርለት ነበር። እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ጠላው የሚወጣው ከባላገሩ ጎተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የመንገዱን ነገር በሰፊው ጽፏል። ለእነሱ የቀረበላቸው ምግብ ንጉሡ ያዘዙት፣ መንደሬው ያወጣው ነበር። በቤተ መንግሥቱ ደግሞ ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ አስቀድሞ የመጣ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ያገራቸውን ሰው አገኙ። ርስት ተሰጥቶታል፣ አግብቷል፣ ልጆች አፍርቷል፤ ወደ አገሩ እንዲመለስ ግን አልተፈቀደለትም። እንግዳን እጅግ አክብሮ በሩን ከውስጥ የመቆለፍ መስተንግዶም በታሪካችን አለ።

ከድርጎው የከፋው ግን «ተሰሪ» ነበር። ወታደሩ በገበሬው ቤት ይመራል፤ እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ ጌታ ይቀመጣል። ገበሬው ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ሚስቱ ትፈጭለታለች። «ቤት ያፈራው» የምትለዋ ውብ ሐረግ እዚህ ቤት ውስጥ ትርጉም አልነበራትም፤ ወታደሩ የሚፈልገው ቤት ያላፈራውን ነበርና። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ከክፉው ቀን ረሀብ ማግስት፣ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲከፍልና ወታደሩ ከቤቱ እንዲወጣለት ያወጁት ይህን ለማስቀረት ነው። አዋጁ በየቦታው እኩል ሠርቷል ባይባልም አንድ ነገር ይመሰክራል። ባለቤቱ እምቢ ማለት የማይችልበት መስተንግዶ ግብር እንጂ መስተንግዶ አለመሆኑን መንግሥት ራሱ ተቀብሎታል። ምናልባት «እንግዳ መጣብኝ» የምትለው ቃል ውስጥ የተቀበረው ትዝታ ይኸው ይሆናል።

የአዲስ አበባ ከተማነት ደግሞ ሌላ ለውጥ አመጣ። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. እንደከፈቱት የሚነገርለት ሆቴል ሲቋቋም ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ሰው ሁሉ ሆቴሉን ስለሸሸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ሒሳብ በመክፈል እንዳለማመዱት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ አለ። ያ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ቢጎዳም ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። ወጉ የሚያስቀን ቢሆንም ቁም ነገር አለው። የሚከፍል እንግዳ የመረጠውን ያዝዛል፤ ያልተመቸውን ይመልሳል። በነጻ የሚስተናገድ እንግዳ ግን ለመምረጥ ይሉኝታ ይይዘዋል። እንግዲህ የቤት መስተንግዶ ፈተናው ይህ ነው፤ ሳያስከፍሉ እንግዳውን እንዴት ባለምርጫ ማድረግ ይቻላል?

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የተገኘው ከጀበና ነው።

ዛሬ ቡና ያልተፈላበት የሐበሻ ቤት እንግዳ ተቀብሏል አይባልም። ይሁንና ይህ ልማድ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ክርስቲያን ዘንድ የቅርብ ጊዜ ነው። ቡና የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ ተብሎ በካህናቱ ዘንድ የተነቀፈ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት የቡና መጠጣት በከፍተኛ ደረጃ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1886 ባሉት ዓመታት ነው። ለዚህም ራሳቸው ቡና ይጠጡ የነበሩት ምኒልክና የካህናቱን ጥላቻ ለማለዘብ የደከሙት አቡነ ማቴዎስ ምክንያት ነበሩ። እንግዲህ አያቶቻችን አንድ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ቢቆጠሩ «የእነሱ» ሲሉት የነበረውን መጠጥ፣ እኛ «የእኛ» የምንለው የመጀመሪያው ነገር አድርገነዋል።

የስኒዎቹ ስሞች ራሳቸው ምስክር ናቸው። አቦል «አወል» ከሚለው የዐረብኛ ቃል፣ ቶና «ሁለተኛ» ከሚለው፣ በረካም ከበረከት እንደመጡ ይነገራል። ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀሚሷን ለብሳ ቡና የምታፈላ እናት በየስኒው ዐረብኛ ትቆጥራለች ማለት ነው። ማንም ይህን አስቦበት አላወጀውም፤ ኮሚቴ አልተቋቋመለትም። ሰው ጎረቤቱ ቤት ገባ፣ ስኒ ተቀበለ፣ ወደ ቤቱም ሲመለስ ልማዱን ይዞት ሄደ።

በኮልፌ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠራራው በዚህ ነው። ቡናው አጥር አያውቅም። ቆሎውም፣ ዳቦውም፣ ሽሮውም እንዲሁ። ሽሮን እኔ ከምግብ ሁሉ ይበልጥ ዘዴኛ ነው እላለሁ። ድንገት ለመጣ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ የጾመ ይበላዋል፤ ያልጾመ ይበላዋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «የማን ነው?» ሳይል ይቆርሰዋል። ይህች «የማን ነው?» የምትለው ጥያቄ የምትመጣው ሥጋ ሲቀርብ ነው።

የሥጋው አጥር

ቡናው የተሻገረውን ድንበር ሥጋው አልተሻገረውም። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ ሙስሊሙ ቢስሚላሂ ብሎ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። የከተማው ቄራ ለሁለቱም በየወገናቸው ያርዳል። ሥጋ ቤቶቻችንም መስቀል ወይም ጨረቃ ስለው ደንበኛቸውን ይለያሉ።

ድንበሩ የደም ታሪክም አለው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ካዘዙ በኋላ፣ የክርስቲያን ሥጋ መብላት ሃይማኖትን የመለወጥ ማረጋገጫ ሆኖ ተቆጠረ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ያደረ፣ አገሩን ጥሎ የተሰደደም ብዙ ነው። አንድ ቁራሽ ሥጋ የእምነት መፈተኛ በሆነበት አገር «እስቲ ቅመስ፣ ምን ትሆናለህ?» ማለት ቀልድ አይደለም። ከኋላው ጅራፍ አለበት።

ታዲያ የኮልፌ ሰዎች ምን አደረጉ? አጥሩን አላፈረሱትም። በር አወጡለት። ክርስቲያን ጎረቤት ልጁን ሲድር ከበሬው ሌላ በግ ወይም ፍየል ይገዛና ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። ያኛው በሥርዓቱ ያርዳል፤ ሙስሊም እናቶች በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፤ ወጣቶቻቸው ያስተናግዳሉ። ለጠላው ፋንታ ብርዝ ወይም ለስላሳ ይዘጋጃል። ሙስሊሙም ሲድር ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። በዐቢይ ጾም የሞተ ሰው ተዝካርና በረመዳን የደረሰ ለቅሶም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚውን ያመጣል፤ ድስትና ሳህኑ ግን በሁለት ወገን ይቀመጣል። ማዕዱ ሁለት ነው፤ ደጁ አንድ ነው። ሙሽራውን የሚመርቁት አንድ ላይ፣ ሬሳውን የሚሸኙትም አንድ ላይ ነው።

ይህን ሥራ በቅርብ ያየ ሰው ምን ያህል ልፋት እንዳለበት ያውቃል። ባለ ድግሱ የራሱ ወጥ ቤት ሳለው በሌላ ሰው ወጥ ቤት ላይ እምነቱን ይጥላል። ለእንግዳው «እኔ የምበላውን ብላ» አይልም፤ «አንተ የምትበላውን አንተው ሥራልኝ፣ ወጪው የኔ ነው» ይለዋል። እንግዳው ባለቤት ይሆናል፤ ባለቤቱም በገዛ ቤቱ ከአንደኛው ማዕድ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሳያስከፍሉ እንግዳን ባለምርጫ የማድረጉ እንቆቅልሽ የተፈታው እንዲህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ የሁላችንም ልማድ አለ፤ «በሞቴ»። እንግዳው «ጠገብኩ» ሲል ባለቤቷ «በሞቴ አንድ ጉርሻ!» ትላለች። ፍቅር ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ጾመኛውን፣ ስኳር በሽተኛውን፣ ሥጋ የማይበላውን ሰው ይህች ቃል ታስጨንቀዋለች። በኮልፌ ቤቶች የታዘብኩት ሴቶቹ ከማቅረባቸው በፊት «ትጾሚያለሽ?» ብለው መጠየቃቸውን፣ እንግዳዋም ሳታፍር መመለሷን ነው። በሌላ ሰፈር እንዲህ ያለው ጥያቄ ስስት ይመስል ይሆናል። በተደባለቀ ሰፈር ግን ከማስገደድ መጠየቅ የበለጠ ክብር መሆኑን ኑሮ አስተምሯቸዋል።

ሁለት ዓይነት መለየት

አንባቢ «ታዲያ ሳህን መለየት መለያየት አይደለምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳህን በመለየት ሰውን ያዋረዱም ነበሩና።

የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ «የዘር ክብር» በሚል ስም ሕጉን አጠበቀው፤ ጣሊያን ለአገሬው በተመደቡ የሕዝብ መገናኛ ቦታዎች ማዘውተሩም የሚያስቀጣ ሆነ። የከተማው ፕላንም ይህንኑ ይከተል ነበር። የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት የተገፋው በዚያ ዘመን ነው። በአንድ ገበታ መቀመጥን ወንጀል ያደረገ ሕግ በዚህች ከተማ ላይ ሠርቷል።

ሌላው ምሳሌ ከዚያው ከኮልፌ ቀራንዮ ምድር አይርቅም። ዘነበ ወርቅ አካባቢ ያለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ በፊት በሚሲዮናውያን ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «አለርት» የሚባለው የሕክምናና የሥልጠና ማዕከል ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡት ብዙዎቹ ወደ ትውልድ ቦታቸው መመለስ አልቻሉም፤ ዘመድ አልተቀበላቸውምና እዚያው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሽታው በተቀናጀ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የሚድን፣ መድኃኒት የጀመረ ሰውም የማያስተላልፈው ሆኗል። ሆኖም ለእነዚህ ሰዎች ለብቻ የሚቀመጥ ስኒ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የማይቀርብ ስኒ፣ ከመድኃኒቱ በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖሯል። ቡናው ከሃይማኖት አጥር ተሻግሮ ከፍርሃት አጥር ሥር ቆመ።

እንግዲህ ሦስት የተለዩ ሳህኖች አሉን። የጣሊያኑ፣ የሥጋ ደዌ ታማሚው፣ የሙስሊም ወይም የክርስቲያን ጎረቤቱ። ሦስቱን የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ሳህኑ የተለየው ለማን ሲባል ነው? በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የለየው ባለቤቱ ነው፣ ለራሱ ትዕቢት ወይም ለራሱ ፍርሃት ሲል። በሦስተኛው ግን የተለየው እንግዳው በልቶ እንዲጠግብ ነው። ያኛው «እንዳትቀርበኝ» ይላል፤ ይኼኛው «እንዳትቀርብኝ»። በፊደል ረገድ ልዩነታቸው ኢምንት ነው፤ በትርጉም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ለማን ነው ይህ ሁሉ?

የኮልፌው ዘዴ ሁሉን ፈትቷል አልልም። በማዕድ የተከባበሩ ጎረቤቶች በሕግ ፊት እኩል ሳይሆኑ ረጅም ዘመን ኖረዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻቸው የአገር በዓል እንዲሆኑ ነበር። ለጎረቤቱ በግ ያሳርድ የነበረ አገር የጎረቤቱን በዓል በካላንደር ላይ ለማስፈር አብዮት አስፈልጎታል። መልካም ጉርብትና የፍትሕ ምትክ አይሆንም። ይሁን እንጂ በዚያ ሰልፍ ጎን ለጎን የተራመዱት ሰዎች መተዋወቅን የጀመሩት አደባባይ ላይ ነው ብዬ አላምንም። ከዚያ በፊት በአንድ ድንኳን ጥላ ሥር ብዙ ጊዜ ተቀምጠው ነበር።

ዛሬ ይህ ልማድ ከሁለት አቅጣጫ ይገፋል። በአንድ በኩል ኑሮና ከተማው አሉ። ሰፈሮች ሲፈርሱ እድሮች ይበተናሉ፤ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ግቢ የለው፣ ሁለተኛ ድስት የሚጥድበት ቦታ የለው። በግ የመግዛት አቅምም እንደ ቀድሞው አይደለም። በሌላ በኩል «ከእነሱ ድግስ አትሂዱ፣ ቡናቸውንም አትጠጡ» የሚሉ ድምፆች ከሁለቱም ወገን ይሰማሉ፤ በስልክ መስኮት በኩል ሳሎናችን ድረስ ይገባሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሃይማኖታቸውን ሕግ ለመጠበቅ እንደሚናገሩ ይገልጻሉ። የኮልፌ እናቶች ግን ሕጉን አንድ ቀን እንኳ አላፈረሱትም። አንዷ የሌላዋን ሕግ ስታስጠብቅ ኖራለች።

ለመጀመሪያው ግፊት መፍትሔ አይጠፋም። ብልሃት ራሱ ከዚያው ልማድ ይወጣል። በግ መግዛት ያቃተው ቤት ሽሮና ምስር አለው፤ ግቢ የሌለው የጋራ ሕንፃ ደግሞ የጋራ አዳራሽ ወይም በመኪና ማቆሚያው ላይ የሚተከል ድንኳን አያጣም። ከድሮ ሰፈሩ የተነሣ እድር በአዲሱ ቦታ ሲቋቋም ሁለተኛውን የሳህን ስብስብ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቢያሰፍር የሚጎዳው የለም። ለሁለተኛው ግፊት ግን ደንብ አይበቃም። እዚያ የሚያስፈልገው ሰው ከደጅ ወጥቶ ጎረቤቱን መጥራቱ ነው።

ድስት መዋዋስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የተዋሰው ድስት መመለስ አለበት፤ ለመመለስም የጎረቤትን ደጅ ማንኳኳት ግድ ነው፤ ያንኳኳ ሰው ደግሞ «ግቢ፣ ቡና ደርሷል» መባሉ አይቀርም። ማንም ለማንም ድስት ያላዋሰበት ዓመት የመጣ እንደሆነ በቆጠራ አይመዘገብም፣ በዜናም አይነገርም። የምናውቀው ዘግይተን፣ ጎረቤታችን በሁለተኛው ትርጉሙ እንግዳ ሆኖብን ሲገኝ ነው።